የሒሳብ ቀመሮች ከየት ይመጣሉ?



ሒሳብ ለብዙዎቻችን የሚከብድ ትምህርት መሆኑ የታወቀ ነው። ፈተና በተቃረበ ጊዜ አብዛኞቻችን አንድ ቁራጭ ወረቀት ይዘን፥ በላዩ የተጻፉትን ቀመሮች እንደ ዳዊት ስንደግም እንታያለን። እኔም ከነዚሁ አንዷ ነበርሁ።

ባለፈው ዓመት በአንድ ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ቀረበልኝ። «የአንድ መሬት ርዝመት ከወርዱ በ6 ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር ነው፤ ወርዱ ስንት ነው?» የኳድራቲክን ቀመር በቃሌ አጥንቼው ስለ ነበር ደስ ብሎኝ መጻፍ ጀመርሁ። ነገር ግን ከስኩዌር ሩቱ ምልክት ሥር 36 − 160 ሆኖ −124 ወጣብኝ፤ እኔም «መልስ የለውም» ብዬ ጽፌ ወጣሁ።

ማታ አባቴ ቡና ሲለቅሙ ውለው ሲመለሱ፥ «ዛሬስ ምን ተጠየቃችሁ?» አሉኝ። ጥያቄውን ነገርኋቸው። አባቴ ከ4ኛ ክፍል በላይ አልተማሩም። ቢሆንም እንጨት አንሥተው በደጃችን መሬት ላይ ጥቂት ጫር ጫር ካደረጉ በኋላ፥ «ወርዱ 4፥ ርዝመቱ 10 ነዋ!» አሉ። «መልስ የለውም ብዬ ጻፍሁ» ብላቸው ሣቁና፥ «ልጄ፥ መሬቱ አለ አይደለም? መሬቱ ካለ ወርዱ እንዴት ይጠፋል?» አሉኝ።

ከዚያች ማታ ጀምሮ አንድ ነገር ገባኝ። ይኸውም በቃል ብቻ የተያዘ ቀመር አንዲት ምልክት ከጠፋችበት ሁሉም ይጠፋል፤ ከየት እንደ መጣ የታወቀ ቀመር ግን ቢረሳ እንኳ እንደ ገና ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ በዚህ አነስተኛ ጽሑፌ ለፈተና ከሚያስፈልጉን ቀመሮች ዋና ዋናዎቹን፥ በቴፒ ዙሪያ ዘወትር በምናያቸው ነገሮች እየመሰልሁ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

1ኛ፤ የኳድራቲክ ቀመር። ወደዚያው መሬት እንመለስ። ወርዱን ወ ብንለው ርዝመቱ ወ + 6 ስለ ሆነ፥ ወ² + 6ወ = 40 ይሆናል። መሬቱን በሁለት ከፍለን ብናየው፥ አንደኛው ክፍል ጎኑ ሁሉ ወ የሆነ ካሬ ነው፤ ሁለተኛው 6 ሜትር የሚተርፈው ነው። ይህን ትርፍ እኩል ለሁለት እንሰንጥቀውና 3 ሜትሩን ከካሬው በስተቀኝ፥ 3 ሜትሩን ከካሬው በስተግርጌ እናስጠጋው። አሁን አንድ ትልቅ ካሬ ሊሆን የጎደለችው አንዲት ማዕዘን ብቻ ናት፤ እርሷም 3 በ3፥ ማለት 9 ካሬ ሜትር ናት። 9ን ብንሞላበት 40 + 9 = 49 ይሆናል። 49 የ7 ካሬ ስለ ሆነ ወ + 3 = 7፤ እንግዲህ ወ = 4 ነው።

ይህን መንገድ በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ይኖር የነበረው ሊቅ አልኸዋሪዝሚ በመጽሐፉ ውስጥ በሥዕል አስረድቶታል። «አልጄብራ» የሚለው ቃልም የተገኘው ከዚሁ መጽሐፍ ስም ነው። እንግዲህ ቀመሩ ይህንኑ ካሬ የመሙላት ሥራ ለማንኛውም ቁጥር የሚያሳጥር ነው። ሀወ² + ለወ + መ = 0 ሲሆን፥

ወ = (−ለ ± √(ለ² − 4ሀመ)) ÷ 2ሀ

እኔ የተሳሳትሁት የት ነው? ቀመሩ የሚሠራው አንደኛው ወገን 0 ከሆነ በኋላ ነው። 40 ወደ ግራ ሲሻገር −40 ይሆናል፤ እኔ ግን ምልክቱን ረስቼ 40 ብዬ አስገባሁ። በትክክል ሲሠራ 36 + 160 = 196፥ ሩቱም 14 ነው። መልሶቹ 4 እና −10 ናቸው፤ ኔጋቲቭ ወርድ ያለው መሬት ስለሌለ −10ን እንተወዋለን።

ከዚሁ ሥዕል ሌላም ትምህርት እናገኛለን። (ሀ + ለ)² ማለት ሀ² + ለ² ብቻ ነው ብለው የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። በካሬው ጎንና ግርጌ ያስጠጋናቸውን ሁለቱን ቁራጮች ግን መርሳት አይገባም፤ ስለዚህ ሀ² + 2ሀለ + ለ² ነው።

2ኛ፤ ከሁሉ የሚበልጠውን ስፋት ማግኘት። 40 ሜትር የአጥር ሽቦ ይዘን አራት ማዕዘን የሆነ የእርድ መደብ ለማጠር ብንፈልግ፥ ወርዱ ወ ሲሆን ርዝመቱ 20 − ወ ነው፤ ስፋቱም 20ወ − ወ² ይሆናል። የኳድራቲክ ጫፍ የሚገኘው በ −ለ ÷ 2ሀ ላይ ነው፤ ይህም በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ስፍራ ነው። እዚህ ላይ ስፋቱ 0 የሚሆነው ወ 0 ወይም 20 ሲሆን ነው፤ የሁለቱ መካከል 10 ስለ ሆነ ትልቁ ስፋት 100 ካሬ ሜትር ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዴሪቬቲቭ 20 − 2ወ = 0 ብለው ያንኑ 10 ያገኛሉ። ሁለት መንገድ ወደ አንድ መልስ ሲያደርስ አንዱ ለሌላው ምስክር ይሆናል።

3ኛ፤ የተከታታይ ቁጥሮች ድምር። በመጀመሪያው ረድፍ 5 የቡና ችግኝ ተተክሎ፥ በየረድፉ 3 ችግኝ እየተጨመረ 20 ረድፍ ቢሞላ ጠቅላላው ስንት ነው? ብዙ ሰው 20ን በ3 ያባዛል። ነገር ግን 20 የአጥር ቋሚዎች በመካከላቸው ያለው ክፍተት 19 ብቻ እንደ ሆነ ሁሉ፥ በ20 ረድፎች መካከልም ጭማሪው 19 ጊዜ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ረድፍ 5 + 19 × 3 = 62 ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ረድፍ ሲደመሩ 67፤ ሁለተኛውና ከመጨረሻው በፊት ያለውም እንዲሁ 67 ናቸው። እንዲህ ያሉ 10 ጥንዶች ስላሉ 670 ችግኝ ይሆናል። ቀመሩም የረድፉን ብዛት በመጀመሪያውና በመጨረሻው ድምር አባዝቶ ለ2 ማካፈል ነው።

4ኛ፤ ትሪጎኖሜትሪ። ለቡና ጥላ የሚሰጠውን የዋንዛ ዛፍ ሳንወጣበት ልንለካው እንችላለን። 1 ሜትር እንጨት ቀጥ አድርገን ብናቆም ጥላው 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ በዚያው ሰዓት የዛፉ ጥላ 12 ሜትር ቢሆን፥ ቁመቱ 12 ÷ 0.8 = 15 ሜትር ነው። ታንጀንት ማለት ይኸው ነው፤ ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ጎን በአጠገቡ ላለው ጎን ሲካፈል የሚገኘው ነው። የ30 ዲግሪ ሳይንና ኮሳይን የሚምታቱበት ተማሪ ጎኖቹ ሁሉ 2 የሆኑ ጎነ ሦስት ሥሎ ከመካከሉ ይሰንጥቀው፤ ጎኖቹ 1፥ √3 እና 2 ይሆናሉ። ከዚህም ሳይን 30 ½፥ ኮሳይን 30 √3 ÷ 2 መሆኑን በዓይኑ ያያል።

5ኛ፤ የኮን ይዘት። የደረቀ ቡና በአንድ ስፍራ ሲፈስ ክምሩ የኮን ቅርጽ ይይዛል። መሠረቱና ቁመቱ ከኮኑ ጋር እኩል የሆነ ሲሊንደር ለመሙላት ሦስት ኮን እህል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የኮን ይዘት የሲሊንደሩ ሢሶ ነው። የክምሩ መሠረት ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር፥ ቁመቱ 0.6 ሜትር ቢሆን፥ ሬዲየሱ 1 ሜትር እንጂ 2 አለመሆኑን እናስተውል፤ ይዘቱ 3.14 × 1² × 0.6 ÷ 3 = 0.628 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ክምሩ በየአቅጣጫው እጥፍ ቢሆን ይዘቱ እጥፍ ሳይሆን 8 እጥፍ ይሆናል፤ 2 × 2 × 2 ነውና።

6ኛ፤ ሎጋሪዝም። በ10 መሠረት የ100 ሎጋሪዝም 2፥ የ1,000 ደግሞ 3 ነው። ሲባዙ 100,000 ስለሚሆኑ የብዜቱ ሎጋሪዝም 2 + 3 = 5 ነው። ሲደመሩ ግን 1,100 ናቸው፤ ሎጋሪዝሙም ከ3 ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ቀመር ሲያጠራጥራችሁ እንዲህ ባሉ ቀላል ቁጥሮች ፈትኑት።

እንግዲህ የጥናቴ ዘዴ ይህ ነው። በአንድ ደብተር ገጹን ሦስት ቦታ እከፍላለሁ፤ በአንደኛው ቀመሩን፥ በሁለተኛው የመጣበትን ሥዕል፥ በሦስተኛው የማይሠራበትን ሁኔታ እጽፋለሁ። በማግሥቱ ደብተሩን ዘግቼ በባዶ ወረቀት እንደ ገና አወጣዋለሁ። ማውጣት ያቃተኝን ቀመር አላወቅሁትም ማለት ነው።

ይህን የምለው ነገሩ ቀላል ስላልሆነ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፥ በመላው አገራችን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያ አዳራሽ ጓደኛም ወረቀትም አብሮን አይገባም፤ የሚገባው የተረዳነው ብቻ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ያንኑ የመሰለ ጥያቄ ሲመጣብኝ በመጀመሪያ መሬቱን ሣልሁ፤ መልሱን ካገኘሁ በኋላም ወርዱን በርዝመቱ አባዝቼ ስፋቱን ሳላረጋግጥ አልወጣሁም። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ለአባቴ አሳየኋቸው፤ ቀዩን የትክክል ምልክት በጣታቸው እየነኩ፥ «መሬቱ ተገኘ!» አሉኝ።

በመጨረሻም ለአንባቢዎቼ አንዲት ጥያቄ ትቼ ጽሑፌን እፈጽማለሁ። አልኸዋሪዝሚ የሠራበት ምሳሌ ወ² + 10ወ = 39 የሚል ነበር። ቀመሩን ሳትጠቀሙ፥ በደጃችሁ መሬት ላይ በእንጨት ሥላችሁ ወን ፈልጉ። ወላጆቻችሁንም ጠይቁ፤ ምናልባት ይቀድሟችሁ ይሆናል።

መልካም ፈተና ይሁንልን።