የሁለት ስርዓተ ክወና ኮምፒውተር የመነሳት ችግር

ባለ ሁለት ስርዓተ ክወና ኮምፒውተር (በተለምዶ «ዱዋል ቡት») ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች፣ ለምሳሌ ዊንዶውስና ሊኑክስ፣ ጎን ለጎን የተጫኑበት ኮምፒውተር ነው። ተጠቃሚው ኮምፒውተሩን ሲያበራ ከሚታየው ዝርዝር አንዱን ይመርጣል። የመነሳት ችግር የሚባለው ይህ ዝርዝር ሲጠፋ፣ ከሁለቱ አንዱ አልነሳ ሲል ወይም ስክሪኑ ላይ የስህተት መልእክት ብቻ ሲቀር ነው። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ስርዓተ ክወናው ወይም የተጠቃሚው ፋይል ሳይሆን ወደ እነሱ የሚመራው የማስነሻ መረጃ ነው። ስለዚህ ዲስኩን ፎርማት ማድረግ የመጨረሻ አማራጭ እንጂ የመጀመሪያ መፍትሔ አይደለም።

የአነሳስ ሂደት

ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም በቆዩት ኮምፒውተሮች ባዮስ፣ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል።

ባዮስ የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር ያነባል። ሴክተሩ 512 ባይት ሲሆን 446 ባይቱ ለማስነሻ ኮድ፣ 64ቱ ለክፍልፍሎች ሰንጠረዥ፣ 2ቱ ለመለያ ምልክት ይውላሉ። ለኮዱ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ስለሆነ በኋላ የተጫነው ስርዓተ ክወና የፊተኛውን ኮድ በራሱ ይተካል።

ዩኢኤፍአይ ግን የማስነሻ ፋይሎችን የሚፈልገው ኢኤስፒ በተባለ ትንሽ የዲስክ ክፍልፍል ውስጥ ነው። የዊንዶውስና የሊኑክስ ማስነሻዎች እዚያ በየፎልደራቸው ይቀመጣሉ፤ የትኛው እንደሚቀድም ደግሞ በማዘርቦርዱ ላይ ይመዘገባል። በአብዛኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶች የምርጫ ዝርዝሩን የሚያሳየው ግራብ የተባለው ፕሮግራም ነው።

ምልክቶችና መንስኤዎች

* ዝርዝሩ ሳይታይ በቀጥታ ዊንዶውስ ከተነሳ፦ ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን ወይም ሲታደስ ቅደም ተከተሉ ተቀይሯል ማለት ሊሆን ይችላል። በዩኢኤፍአይ ኮምፒውተር ወደ ማዘርቦርዱ ቅንብር ገብቶ የሊኑክስን ማስነሻ ወደ ላይ ማምጣት ብዙ ጊዜ ይበቃል።
* «ግራብ ሬስኪዩ» የሚል ጽሑፍ ከታየ፦ የግራብ የመጀመሪያ ክፍል ተነስቶ ቀሪውን ፋይሉን አላገኘም። የተለመደው ምክንያት የሊኑክስ ክፍልፍል ከዊንዶውስ በኩል መሰረዙ ወይም መቀየሩ ነው።
* ዝርዝሩ ታይቶ ዊንዶውስ ከሌለበት፦ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው የግራብ 2.06 እትም ጀምሮ ሌሎች ስርዓተ ክወናዎችን የሚፈልገው ኦኤስ-ፕሮበር በነባሪነት አይሠራም። ከግራብ ቅንብር ፋይል ውስጥ አብርቶ ዝርዝሩን እንደገና ማዘጋጀት ያስፈልጋል።
* የሚነሳ ዲስክ እንደሌለ ከተገለጸ፦ ዲስኩ አልተገኘም፣ ወይም ቅንብሩ ከዩኢኤፍአይ ወደ አሮጌው የባዮስ ስልት ተቀይሯል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲደክም ቅንብሩ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ሊመለስ ይችላል።
* የደኅንነት ስህተት ከታየ፦ ሴኪዩር ቡት ፊርማውን ያልተቀበለውን ማስነሻ ያግዳል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የወጣ የዊንዶውስ ማሻሻያ በአንዳንድ ባለ ሁለት ስርዓተ ክወና ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ እንዳይነሳ አድርጎ ነበር።

ግራብን መልሶ መጫን

ቅደም ተከተሉን መቀየር ካልረዳ ግራብ እንደሚከተለው ይጠገናል፦

1. ሊኑክስ የተጻፈበት ፍላሽ ተሰክቶ ኮምፒውተሩ ከእሱ ይነሳል። የተጫነው ሊኑክስ በዩኢኤፍአይ ስልት የሚነሳ ከሆነ ፍላሹም በዚያው ስልት መነሳት አለበት።
2. ዲስኩ የሚነበብ ከሆነ አስፈላጊ ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣሉ።
3. የሊኑክስ ዋና ክፍልፍልና ኢኤስፒ ተለይተው ይከፈታሉ። በዚህ ደረጃ የክፍልፍል ስም መሳሳት ሌላውን ስርዓተ ክወና ሊጎዳ ይችላል።
4. በ«ችሩት» ትዕዛዝ ወደ ተጫነው ሊኑክስ ተገብቶ ግራብ እንደገና ይጫናል። በባዮስ ኮምፒውተር የሚጫነው በአንድ ክፍልፍል ላይ ሳይሆን በሙሉ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ነው።
5. የምርጫ ዝርዝሩ ታድሶ ኮምፒውተሩ ያለ ፍላሹ ይነሳል።

በኡቡንቱና በመሰሎቹ «ቡት-ሪፔር» የተባለው ፕሮግራም አብዛኛውን ሥራ በራሱ ያከናውናል። የማይነሳው ዊንዶውስ ከሆነ ግን በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ተነስቶ «ጫን» በማለት ፈንታ የጥገናውን አማራጭ መምረጥ ይገባል። በባዮስ ኮምፒውተር የዊንዶውስን የማስነሻ ኮድ መልሶ መጻፍ ግራብን ስለሚያጠፋ ከዚያ በኋላ ግራብ እንደገና ይጫናል።

ጥንቃቄ

ዊንዶውስ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የማስነሻ ቅንብር ሲነካ ባለ 48 አሃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉ ከሌለ ፋይሎቹን መክፈት ስለማይቻል ጥገና ከመጀመሩ በፊት ቁልፉን ማግኘት ግድ ነው።

የዊንዶውስ «ፋስት ስታርትአፕ» ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ስለማያጠፋው ሊኑክስ የዊንዶውስን ክፍልፍል ለመጻፍ ሊከለከል ይችላል፤ መፍትሔው አማራጩን ማጥፋት ነው። እንዲሁም ሊኑክስ የኮምፒውተሩን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ዊንዶውስ ደግሞ በአካባቢው ሰዓት ስለሚይዝ በኢትዮጵያ ከሊኑክስ በኋላ የተከፈተ ዊንዶውስ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ሊያሳይ ይችላል። ይህ የመነሳት ችግር ሳይሆን የቅንብር ልዩነት ነው።