ቀንዳሟ ሸረሪት

በማሌዥያ ወይም በቦርኒዮ ደን ዳር፣ በሁለት ቁጥቋጦዎች መካከል በተዘረጋ ድር ላይ ያለችውን ይህችን ፍጥረት ድንገት ያየ ሰው፣ ሸረሪት ናት ለማለት ያመነታል። ሁለት ረጃጅም ቀንዶች ግራና ቀኝ ወጥተው እንደ በሬ ቀንድ ወደ ውስጥ ይቀለበሳሉ። ቀንዶቹ የበቀሉት ግን ከራሷ ላይ አይደለም፤ ከሆዷ ነው። ርዝመታቸው የሆዷን ስፋት ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ገላዋ ግን አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም።

ማክራካንታ አርኩዋታ ትባላለች። ከህንድ እስከ ቻይናና ኢንዶኔዥያ ድረስ ትገኛለች። ዴንማርካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ፋብሪሲየስ ለሳይንስ ያስተዋወቃት እ.ኤ.አ. በ1793 ነው። ጋስተራካንታ የሚባሉት እሾሃም ዘመዶቿ በእስያ ብቻ ሳይሆን በአፍሪካ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያም ይኖራሉ።

ጠጋ ብሎ ላያት ሆዷ የሌሎች ሸረሪቶችን ልስላሴ የለውም። ከርዝመቱ ስፋቱ የሚበልጥ ጠንካራ ቅርፊት ነው፤ ቀለሙም ቢጫ፣ ብርቱካንማ ወይም ቀይ ይሆናል። በላዩ ላይ ረድፍ ይዘው የሚታዩት ጥቋቁር ነጥቦች ጌጥ ይመስላሉ እንጂ ከውስጥ በኩል ጡንቻዎች የተያያዙባቸው ቦታዎች ናቸው። ከሁለቱ ቀንዶች ሌላ ከፊትና ከኋላ አጫጭር እሾሆች አሏት። ይህ ሁሉ ትጥቅ ታዲያ የሴቷ ነው። ወንዱ በጣም ትንሽ ሲሆን ረጅም ቀንድም የለው፤ አጠገቧ ቢቆም ባልዋ ነው ብሎ የሚገምት የለም።

እሾሁ ለአደን አይውልም። ወፍ እንዳትውጣት የሚከላከልላት ጋሻ ነው ተብሎ ይታመናል። የአደን መሣሪያዋ ድሩ ነው። ከመሐል ወደ ዳር የሚዘረጉት ክሮች አያጣብቁም፤ እሷም የምትረማመደው በእነሱ ላይ ነው። ዙሪያውን የሚጠመጠመው ክር ግን ጥቃቅን የሙጫ ነጠብጣቦች አሉበት፤ የሚበር ነፍሳት ከነካው ይያዛል። ብዙዎቹ እሾሃም ሸረሪቶች ዳር ዳሩን ባሉት ክሮች ላይ ነጫጭ የድር ቋጠሮዎችን ይጨምራሉ። ምናልባት ወፎች ድሩን አይተው እንዲርቁ ይሆናል።

ያ ሁሉ ደማቅ ቀለምስ ለምንድን ነው? አድፍጦ ለሚያድን እንስሳ መታየት ኪሳራ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በአውስትራሊያ የሚኖሩ ዘመዶቿን ቢጫ መስመር በቀለም ሸፍኖ ሲሞክር፣ የሚይዙት ነፍሳት ቁጥር ቀነሰ። ስለዚህ ቀለሙ ማባበያ ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በብራዚል የምትገኘውን ዘመዷን መርምሮ ቀለሟ አደኗን እንደማይጨምር ደረሰበት። እኔ በሁለቱ ውጤቶች መካከል ግጭት አይታየኝም፤ ለአንዷ ዝርያ የሠራ ነገር ለሌላዋ የግድ መሥራት የለበትም።

መርዟ ለሰው አያሰጋም። ስለዚህ ወደምትኖርባቸው አገሮች የምትጓዙ ሁሉ፣ በጫካ መንገድ ላይ ድሯ ፊት ለፊት ቢገጥማችሁ በዱላ ጠርጋችሁ አትለፉ። ጎንበስ ብላችሁ እለፉላት።