ኳስና የደቻቱ አሸዋ

የኳስ ጨዋታ አካልን የሚያበረታ፤ ወጣቱንም ከሥራ ፈትነት የሚጠብቅ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ጨዋታ ሁሉ ስፍራና ጊዜ አለው።

የድሬዳዋን ከተማ ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ከታይዋን ገበያ ሸክም ይዞ የሚመለሰውም ሰው ያቋርጠዋል። ስለዚህ ተጫዋቾች ከመተላለፊያው ራቅ ሊሉ፤ ሽማግሌና ባለሸክም ሲያልፍም ኳሱን ሊይዙ ይገባል።

ከዚህ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ስለ ጎርፍ ነው። በከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፤ በስተደቡብ ባለው የሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ ድንገት ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን መግደሉን ማን ይረሳዋል? እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ደጋው ሲጠቁር ልጆቻችሁን ከአሸዋው አውጡ። ኳስ ቢጠፋ ይገዛል፤ ልጅ ግን አይተካም።