በታይላንድ ማድ ቤት አንድ ቀን

አገር ለመጐብኘት የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው ሕንፃና ሐውልት፣ ቤተ መቅደስና ሙዚየም ነው። ምግቡን ይበላዋል እንጂ አያየውም። የቀረበለትን አጣጥሞ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ «እንዴት ያለ ግሩም ምግብ ነው!» ብሎ ይነሣል። ያ ምግብ ከየት ገበያ እንደ ተገዛ፣ በማን እጅ እንደ ተወቀጠ፣ ሎሚው ስለ ምን መጨረሻ ላይ እንደ ገባ ሳያውቅ ወደ አገሩ ይመለሳል። በታይላንድ ግን እንግዳው ከምግብ አዳራሹ ተነሥቶ ወደ ማድ ቤቱ እንዲገባ፣ ሽርጥ ታጥቆ እንዲወቅጥና እንዲጠብስ የሚያደርግ የአንድ ቀን ትምህርት ተስፋፍቷል። እኛም ወደዚያ አገር በተጓዝን ጊዜ ከሽርሽራችን አንዱን ቀን ለዚሁ ሰጠነው።

ቦታው ቺያንግ ማይ ነው። ይህች ከተማ ከባንኮክ በስተ ሰሜን 700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራሮች አጠገብ የምትገኝ ስትሆን፣ በ1296 ዓ.ም. ንጉሥ ማንግራይ የላና መንግሥት ዋና ከተማ አድርጎ ቈረቈራት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። አሮጌው ከተማ አራት ማዕዘን ሆኖ ዙሪያውን ውሃ የሞላበት ቦይ እስከ ዛሬ ከቦታል። የምግብ አሠራር የሚያስተምሩ ቤቶች ከመብዛታቸው የተነሣ፣ በየሆቴሉ የተደረደረውን ማስታወቂያ የሚያነብ መንገደኛ ምርጫው ያስጨንቀዋል። እኛ የመረጥነው አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ወይዘሮ በጓሯቸው በሠሩት፣ ግድግዳ በሌለው ዳስ ውስጥ የሚያስተምሩትን ነው። ዋጋው ለአንድ ቀን ወደ 1,000 ባት ግድም ነበር።

ጧት በሦስት ሰዓት ሶንግቴው የምትባለው ቀይ መኪና መጥታ ወሰደችን። ስሟ በአገሩ ቋንቋ «ሁለት ረድፍ» ማለት ነው፤ ከኋላዋ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠውባታልና። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ቢያያት የ«ውይይት» ታክሲ እኅት ናት ሳይል አይቀርም። በውስጧ ስምንት ተማሪዎች ተሳፍረናል፤ ጡረታ የወጡ ሆላንዳዊ ባልና ሚስት፣ አንዲት አውስትራልያዊት አስታማሚ፣ ሁለት ወጣት የኮርያ መሐንዲሶች፣ ሌሎችም ነበሩ። ከስምንቱ አምስቱ ወንዶች መሆናቸውን የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንባቢዎቻችን መካከል «ወንድ ልጅ ማጀት ምን አለው?» የሚል ወጣት ሹም እንደማይጠፋ እናውቃለን። የታይላንድን ጐዳና ቢያይ ግን በየማእዘኑ መጥበሻ እያገላበጠ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድር ወንድ ያገኛል፤ የሚስቅበትም ሰው አይኖርም።

ትምህርቱ የሚጀመረው ከገበያ ነው። ወይዘሮዋ ቅርጫታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ እኛን እንደ ጫጩት አስከትለው በየመደቡ እየቆሙ ያሸትቱን ጀመር። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ከሌሎቹ ይልቅ ዕድለኛ መሆኑን በኩራት እንናገራለን። ሆላንዳውያኑ በግርምት የሚያሸትቱት ረጅም ሣር በየጓሯችን የሚበቅለው ጠጅ ሣር ነው። የቅመሙ ቅጠል የበሶብላ ዘመድ ነው፤ መዓዛው ግን ወደ እንስላል ያደላል። ሎሚውም በአገራችን ገበያ የሚሸጠው ትንሹ፣ ቅርፊተ ስሱ ሎሚ ነው። የማናውቀውም አልጠፋም። «ኻ» የሚሉት ሥር ዝንጅብል ይመስላል፤ ጠረኑ ግን ዝግባ ዝግባ ይላል። ቆዳው እንደ ሽማግሌ ግንባር የተጨማደደ የሎሚ ዓይነትም አለ፤ ከፍሬው ጭማቂ ይልቅ ቅጠሉና ልጣጩ ይፈለጋል። «ናም ፕላ» የሚባለው ቡናማ ውሃ ደግሞ ትንንሽ ዓሣ በጨው ተነክሮ ለወራት ከቆየ በኋላ የሚጠለል ሲሆን፣ በዚያ አገር ማድ ቤት የጨውን ሥራ የሚሠራው እርሱ ነው። ሽታው መጀመሪያ ፊት ያስመልሳል፤ ድስት ውስጥ ገብቶ ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ያቆየን የቃሪያው መደብ ነው። ከሁሉም ታናሿና ኀይለኛዋ በአገሩ ቋንቋ «የአይጥ ኩስ» ተብላ ትጠራለች፤ ስሙ ከመልኳ የመጣ ነው። ሚጥሚጣ ያሳደገው ሰው ሲቀምሳት የድሮ ወዳጁን ያገኘ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ቃሪያ ለታይላንድም ለኢትዮጵያም እንግዳ መሆኑን ልብ እንበል። የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። ፖርቱጋሎች ወደ ሲያም ዋና ከተማ ወደ አዩታያ የደረሱት በ1511 ሲሆን፣ ቃሪያም በእስያ የተስፋፋው በእነዚሁ የባሕር ነጋዴዎች ዘመን ነው። ከዚያ በፊት አፍ ያቃጥል የነበረው ቁንዶ በርበሬ ነበር። ታይላንዳውያን ዛሬም ቁንዶ በርበሬን «ፕሪክ ታይ» ይሉታል፤ «የታይ በርበሬ» ማለት ነው። እንግዳው መጥቶ ቤቱን ሲወርስ የቀድሞው ባለቤት የአገሩን ስም ተቀጽላ አድርጎ ቀረ ማለት ነው። ያለ በርበሬ ወጥ አይሆንም የምንል ሁሉ ይህን ታሪክ ብናውቅ አይከፋም።

ወደ ዳሱ ተመለስን። ለእያንዳንዳችን ከደንጊያ የተፈለፈለ ከባድ ሙቀጫ ተሰጠን። አረንጓዴውን ወጥ ለመሥራት መጀመሪያ ቅመሙን መውቀጥ ያስፈልጋል፤ ይህም ሥራ ሥርዓት አለው። የተቈላ የድንብላል ፍሬ፣ ከሙንና ቁንዶ በርበሬ ብቻቸውን ይደቃሉ። ከዚያ አረንጓዴው ቃሪያ ከጨው ጋር ይገባል፤ ቀጥሎ ጠጅ ሣሩ፣ ኻውና የሎሚው ልጣጭ፣ ከዚያም የድንብላሉ ተክል ሥር፣ ነጭ ሽንኩርቱና ትንንሹ ቀይ ሽንኩርት፣ በመጨረሻም ከሽሪምፕ የተሠራ ልቁጥ ይከተላል። ደረቁና ጠንካራው ይቀድማል፤ ውሃ ያለው ይከተላል። ይህ ሥርዓት ከተፋለሰ ውሃው ጠንካራውን እያንሸራተተ አያደቀውም። ዳጣ ሲወቀጥ ያየ አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በዚያ አገር ድሮ አማት የምትሆነው ሴት ልጅቱን በሙቀጫዋ ድምፅ ትመርጣት ነበር ይባላል፤ ምቱ እኩልና ፈጣን ከሆነ ባለሙያ ናት፣ ከተንጠባጠበ ግን ሰነፍ ናት ተብሎ ይፈረድባት ኖሯል። የእኛ ዳስ ድምፅ የተሰማት አማት ብትኖር ኖሮ ከስምንታችን አንዳችንም ባልተዳርን ነበር። ክንዳችን እስኪዝል ሃያ ደቂቃ ያህል ወቀጥን።

እዚህ ላይ አንድ ትዝብት እናስቀምጥ። የዚህ ዓይነት ቤት ሁሉ እንዲህ አያስወቅጥም። በሌላ ቦታ የተማሩ መንገደኞች እንዳወጉን ቅመሙ በፋብሪካ ተሠርቶ በከረጢት ይቀርብላቸዋል፤ ተማሪው አገላብጦት፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይሄዳል። ይህ ለእኛ ትምህርት ሳይሆን ምሳ ነው። ወይዘሮዋ ያስወቀጡን ሆኖ ሳለ ግን የእርሳቸውም ማድ ቤት ሙሉ ማድ ቤት ነበር ማለት አይቻልም። ከኋላችን ሁለት ልጃገረዶች ቆመው ሽንኩርቱን ይልጣሉ፣ ሳሕኑን ያጥባሉ፣ የደፋነውን ይጠርጋሉ። ቀኑን ሙሉ አንድ ድስት አላጠብንም። ማንኛዋም የአገራችን ባልትና ዐዋቂ ብትጠየቅ ከማድ ቤት ሥራ ግማሹ ማጠብና መልቀም እንደ ሆነ ትነግረናለች፤ ከፍለን የተማርነው ሌላውን ግማሽ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያየነው ለቁሌት ዐዋቂ የሚጥም ነው። የኮኮናቱ ወተት ወፍራሙ ክፍል ብቻውን ወደ መጥበሻው ገብቶ ውሃው እስኪተንና ዘይቱ ተለይቶ ብቅ እስኪል ይንተከተካል። የተወቀጠው ቅመም የሚጠበሰው በዚህ ዘይት ነው። ቅቤው ወይም ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ «አሁን በስሏል» እንደምንለው ሁሉ፣ እነርሱም የሚጠብቁት ይህንኑ ምልክት ነው። ከዚያ ቀጭኑ ወተት፣ ሥጋው፣ ትንንሹ ደበርጃን፣ የዓሣው ጨውና የዘንባባው ስኳር ይገባል፤ ቅጠሉ ከእሳት ሊወርድ ሲል ይነሰነሳል።

የዕለቱ ዋና ትምህርት ግን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከመሐንዲሶቹ አንደኛው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ፣ «ስኳሩ ስንት ግራም ነው?» ሲል ጠየቀ። ወይዘሮዋ ማንኪያ አቀበሉትና «ቺም!» አሉት፤ «ቅመስ» ማለት ነው። ቀመሰ። «ምን ጐደለው?» አሉት። «አላውቅም፤ እርስዎ መጠኑን ይንገሩኝ» አለ። እርሳቸውም፣ «የዛሬው ሎሚ ከትናንቱ ሎሚ ጋር እኩል ይኮመጥጣልን? የእኔ ዓሣ ጨው ከጎረቤቴ ጋር እኩል ነውን? ቁጥሩን ብነግርህ ነገ በሌላ ሎሚ ይዋሽሃል» አሉት። ወጣቱ ጥቂት የዓሣ ጨው ጨመረ፤ ቀመሰ። ጨው በዛበት። ስኳር ጨመረ፤ ቀመሰ። ጣፈጠውና በሎሚ ሊቀጣው ሲል፣ «ለዚህ ወጥ ሎሚ የለውም፤ ወተት ጨምር» ብለው እጁን ያዙት። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ማንኪያ ፊቱ በራ። ደብተሩን ግን አልከደነም፤ የጻፈውን ብናይ «ቺም» የሚል ቃል ብቻ ነበር።

ይህ ነገር ለተማርን ወጣቶች ቀላል አይደለም። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ዕውቀት ማለት የተጻፈ ነገር ነው ተብለን አድገናል፤ ያልተመዘነና ያልተሰፈረ ነገር ሁሉ «ልማድ» ተብሎ ይናቃል። እነዚያ ወይዘሮ ግን የሚያደርጉት ከሚዛን ያነሰ አይደለም። የጨው፣ የኮምጣጣ፣ የጣፋጭና የሚያቃጥል ጣዕም አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚገፋና እንዴት እንደሚያለዝብ ያውቃሉ፤ ምክንያቱንም ሲጠየቁ ይናገራሉ። ልዩነቱ መሣሪያቸው ምላሳቸው መሆኑ ነው። ይህንንም ፍርድ እስከ መጨረሻው ለራሳቸው አይዙትም። በማንኛውም የታይላንድ ኑድል ቤት ጠረጴዛ ላይ የዓሣ ጨው፣ የደቀቀ በርበሬ፣ ስኳርና ቃሪያ የተነከረበት ኮምጣጤ ይቀመጣል፤ የመጨረሻው ቃል የበላተኛው ነው።

የሆነ ሆኖ ይህ የማድ ቤት ዕውቀት ለዓለም የታወቀው በወይዘሮዎች ጥረት ብቻ እንዳይመስለን። መንግሥትም እጁን አስገብቶበታል። የአገሪቱ ስም ከሲያም ወደ ታይላንድ በ1939 ሲለወጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፒቡንሶንግክራም ነበሩ። የተጠበሰው ኑድል፣ ፓድ ታይ፣ የአገር ምግብ ሆኖ እንዲስፋፋ የገፋፋውም የእርሳቸው መንግሥት ነው። የኑድል ጥበሳ ከቻይናውያን የመጣ መሆኑ ግን የታወቀ ነው፤ በሁመርና በዘንባባ ስኳር ተለውሶ፣ «ታይ» የሚል ስም ተሰጥቶት የብሔራዊ ስሜት ማስተማሪያ ሆነ። በ2002 ደግሞ መንግሥት በውጭ አገር ያሉት የታይ ምግብ ቤቶች ቍጥር እንዲበዛ በይፋ ዘመቻ ጀመረ፤ የንግድ ሚኒስቴሩም ደንቡን ለሚያሟሉ ምግብ ቤቶች የምስክር ምልክት ይሰጣል። በታኅሣሥ 2024 ቶም ያም ኩንግ የተባለው የሽሪምፕ ሾርባ በዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ይህን ሁሉ ስናነብ ትዝ ያለን በዋሽንግተን ከተማ እንጀራን ያስተዋወቁት ወገኖቻችን ናቸው። እነርሱ ዘመቻ የጀመረላቸው አልነበረም፤ በስደት ሄደው፣ በገዛ ገንዘባቸውና በእናቶቻቸው ሙያ ነው የሠሩት። ለቱሪዝም ጉዳይ የተመደበ ወጣት ሹም ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ከሆነ፣ ጥሬ ዕቃው ከጥናት ሰነድ ይልቅ በየጓዳው ተቀምጦ እንዳለ እናስታውሰዋለን። እንጀራ መጋገር እጁን አቃጥሎ የተማረ እንግዳ ደግሞ እንጀራ በልቶ ከሄደው ይልቅ ስለ አገራችን ብዙ እንደሚያወራ አንጠራጠርም።

ወደ ማታ ላይ የሠራነውን ይዘን ተቀመጥን። የሰሜኑ ሰው በእንፋሎት የበሰለ የሚጣበቅ ሩዝ በትንሽ የቀርከሃ ሙዳይ አቅርቦ፣ በጣቱ ቈንጥሮ፣ ድቡልቡል አድርጎ ከወጡ እያጠቀሰ ይበላል። ሆላንዳዊው ሽማግሌ ጣታቸው ላይ ሩዙ እየተጣበቀ ሲቸገሩ፣ እኛ ከልጅነት የለመድነውን ጉርሻ አሳየናቸው፤ ሚስታቸውንም አጐረሱ። ወይዘሮዋም ከልብ ሳቁ።

በቤቱ መሞከር ለሚወድ አንባቢ ከሁሉ የሚቀለው ቶም ያም ነው፤ ሽሪምፕ ቢጠፋ በዓሣም ይሠራል፣ ስለዚህ የሐዋሳ ወይም የዝዋይ ቆሮሶ ይበቃል። ውሃ አፍልቶ፣ ጠጅ ሣሩን በዘነዘና ጠቅጥቆ መጣል፤ ኻው ስለማይገኝ ጥቂት ዝንጅብል ይተካዋል፣ ጠረኑ ግን አንድ አይሆንም። የተጨማደደው ሎሚ ቅጠል ከጠፋ ለጋ የሎሚ ቅጠል ይሞከር። እንጉዳይና ዓሣው ይከተላል፤ ዓሣው ነጭ ሲሆን ድስቱ ይውረድ። የሎሚው ጭማቂ የሚጨመረው ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፤ እሳት ላይ ከቆየ ይመርራል። ሁለት ሦስት የሚጥሚጣ ፍሬ በእርጥቡ ሰንጥቆ፣ የድንብላል ቅጠል ነስንሶ ማቅረብ ነው። የዓሣ ጨው የገዛ ሰው ሌላ ጨው አይጨምር፤ ያልገዛም በጨው ይሥራው፣ ግን አስቀድሞ ይቅመስ።