በጠርዝ ላይ መንሸራተት፤ ለወጣቶችና ለወላጆች

በዛሬው ጊዜ ብዙ ወጣቶች በትርፍ ሰዓታቸው የሚያዘወትሩት አንድ ጨዋታ አለ፤ ይኸውም ስኬትቦርድ የሚባለው፤ አራት ትናንሽ መንኰራኵሮች ባሉት ሳንቃ ላይ ቆሞ መንሸራተት ነው። ጨዋታው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ፤ በካሊፎርኒያ፤ የባሕር ሞገድ በሚጋልቡ ወጣቶች መካከል ተስፋፋ። በ2016 በወጣቶች ጥረትና በውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች ርዳታ በአዲስ አበባ ለዚሁ የተሠራ ሜዳ ተከፈተ። በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ የ13 ዓመቷ ጃፓናዊት ሞሚጂ ኒሺያ በዚህ ጨዋታ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመች። ስለዚህ ወላጆች የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ብለው ከመከልከላቸው በፊት ምንነቱን ቢመረምሩ መልካም ነው እንላለን።

ከጨዋታው ዘዴዎች መካከል ወጣቶች እጅግ የሚመኙት ግራይንድ የሚባለውን ነው። ቃሉ በአማርኛ መፍጨት ማለት ነው። መንኰራኵሮቹን የሚሸከሙት ሁለቱ የብረት ዘንጎች በድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲሄዱ የሚያሰሙት ድምፅ መጅ በወፍጮ ላይ ሲሄድ ከሚሰማው ጋር ስለሚቀራረብ ስያሜው ለእኛም እንግዳ አይሆንም። ለጀማሪ የሚስማማው ፊፍቲ ፊፍቲ፤ ማለት ኀምሳ በኀምሳ፤ የተባለው ነው። በዚህ ዘዴ ሁለቱም ዘንጎች በጠርዙ ላይ ያርፋሉ፤ የሰውነትም ክብደት በሁለቱ ላይ እኩል ይከፈላል።

ተማሪው አስቀድሞ ኦሊ የሚባለውን ዝላይ ማወቅ አለበት። ስሙ የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ በፍሎሪዳ ከጀመረው ከአላን ጌልፋንድ ቅጽል ስም ሲሆን፤ በ1982 ሮድኒ መለን በደልዳላ መሬት ላይ እንዲሠራ አደረገው። አሠራሩም የሳንቃውን ጅራት በኋለኛው እግር መትቶ መዝለልና በፊተኛው እግር ሳንቃውን ወደ ላይ መሳብ ነው።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከ15 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ለስላሳ ጠርዝ ይመረጥና ሻማ ይቀባል። ቀጥሎ ተማሪው ሳንቃውን በእጁ አንሥቶ ሁለቱን ዘንጎች በጠርዙ ላይ ያስቀምጣል፤ ሳይንቀሳቀስም በላዩ ቆሞ ሚዛኑን ይለማመዳል። ይህን ሲያውቅ ከጠርዙ ጋር ጎን ለጎን ለመሄድ ጥቂት በቀረው አቅጣጫ ይመጣል፤ ይዘልላል፤ ጉልበቱን አጥፎም ያርፋል። ዓይኑ ግን እግሩን ሳይሆን የጠርዙን መጨረሻ ይመለከታል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጅራቱን በጥቂቱ ተጭኖ የፊቱን ጫፍ ያነሣና ወደ መሬት ይወርዳል።

በዚህ ትምህርት ትልቁ ጠላት ፍርሃት ነው። የፈራ ልጅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ብረቱ በድንጋዩ ይያዝና ልጁን ወደ ፊት ይጥለዋል። ወይም ሰውነቱን ወደ ኋላ ያደርጋል፤ ሳንቃውም ከእግሩ ሥር ወደ ፊት ያመልጣል። የፈሩት ይደርሳል የተባለው በዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ መድፈርን ከመማር በፊት መውደቅን መማር ያሻል፤ እጅን ቀጥ አድርጎ መሬትን መደገፍ የእጅን አንጓ ስለሚሰብር፤ ክንድን አጥፎ በትከሻ መንከባለል ይሻላል። የራስ ቍር፤ የጉልበትና የእጅ አንጓ መከላከያም ሊቀር አይገባም።

ወላጆች ሁለት ነገር እንዲቈጣጠሩ እናሳስባለን። አንደኛ፤ ልምምዱ መኪና ከሚያልፍበት መንገድ የራቀ ይሁን። ሁለተኛ፤ ብረቱ የድንጋዩን ጠርዝ ስለሚሸርፍና ሻማውም ስለሚያጠቍረው፤ የቤተ ክርስቲያን፤ የመስጊድ፤ የመሥሪያ ቤትና የሐውልት ደረጃ ለዚህ አይሁን። ይሁን እንጂ ልጆችን ከየደረጃው ማባረር ብቻ አይበቃም፤ ሥፍራ ያጣ ልጅ ወደ አውራ ጐዳና ይወርዳልና። በየቀበሌው አንዲት ዝቅተኛ የሲሚንቶ ጠርዝና ጥቂት ደልዳላ መሬት ማዘጋጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከተማን የሚያስተዳድሩ ሰዎችም ይህን ቢያስቡበት ወጣቱንም ደረጃውንም ከጉዳት ያድናሉ።