የምታጠባ እናት ስለ ጫት ልታውቀው የሚገባ ጉዳይ

ከወለደች ጥቂት ወራት የሆናት እናት ሌሊቱን በሕፃን ልቅሶ፣ ቀኑን በማሳና በገበያ ሥራ ስታሳልፍ ድካም ይበረታባታል። ጫት በሚመረትባቸው አካባቢዎች ደግሞ ለድካም ማስታገሻ ተብሎ በቅርብ የሚገኘው ቅጠሉ ራሱ ነው። ጫት ሲለቅሙ፣ ሲያስሩና ሲሸጡ የሚውሉት በርካታ ሴቶች በመሆናቸው ቅጠሉን ለማግኘት ገንዘብ እንኳን ላያስፈልግ ይችላል። ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም የሚለው አስተሳሰብም ጥርጣሬን ያርቃል። ይሁን እንጂ እናት የቃመችው ጫት በእርሷ ሰውነት ብቻ ተወስኖ አይቀርም።

ጫትን አነቃቂ የሚያደርገው በዋናነት ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ካቲኖን በለጋው ቅጠል ውስጥ በብዛት የሚገኝ ሲሆን ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ደካማ ወደ ሆነው ካቲን ይለወጣል። ነጋዴዎች ጫትን በእንሰት ወይም በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ወደ ገበያ የሚሽቀዳደሙትም ለዚህ ነው። ሁለቱም ንጥረ ነገሮች አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይቀራረባሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 የታተመና የሚያጠቡ የየመን እናቶችን የተመለከተ ጥናት ካቲንን በጡት ወተት ውስጥ አግኝቷል፤ በአንድ ሕፃን ሽንት ውስጥም ታይቷል። ጥናቱ ጥቂት እናቶችን ብቻ ያካተተ ቢሆንም ንጥረ ነገሩ ከእናት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ አረጋግጧል።

የጨቅላ ሕፃን ጉበትና ኩላሊት ገና ያልጠነከሩ በመሆናቸው ወደ ሰውነቱ የገባውን ነገር በቶሎ አያስወግዱም። ከጫት ጋር የሚጠጣው ቡና ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ በቡና ውስጥ የሚገኘው ካፌይን በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ገደማ ሲበቃው በጨቅላ ሕፃን ግን 80 ሰዓት ያህል ሊወስድበት ይችላል። ለምርቃናው ማብረጃ ወይም ለ«ጨብሲ» አልኮል ከተጨመረበት ደግሞ ሌላ ጉዳት ይከተላል፤ አልኮልም በቀላሉ ወደ ወተት ያልፋል።

ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። የምታጠባ እናት ግን በቀን ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። ምሳዋን ሳትበላ ስትቅም የዋለች እናት ማታ ጡቷ ላይ የምታስተኛው ሕፃን የሚያገኘው ከተጎሳቆለ ሰውነት የሚወጣ ወተት ነው። ከዚህም በላይ ጫት በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል ስለሚጨምር ወተት የሚያመነጨውን ሆርሞን ሊቀንስ ይችላል።

በአርሶ አደሩ እጅ ያለው ጉዳይ የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል ነው። በመስኖ የሚለማ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይለቀማል፤ ከርጭት እስከ ለቀማ ሊቆይ የሚገባው ጊዜም ብዙውን ጊዜ አይጠበቅም። ጎመን ታጥቦ ይበስላል፤ ጫት ግን እንዳለ ይታኘካል። በሀገራችን የተካሄዱ ጥናቶች በጫት ቅጠል ላይ የዲዲቲ ቅሪት አግኝተዋል። ዲዲቲ ቅባት ውስጥ የሚጠራቀምና ለዓመታት የሚቆይ ኬሚካል ሲሆን የጡት ወተት ደግሞ ቅባት አለው። በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች የተመረመረ የእናቶች ወተት ውስጥም ኬሚካሉ ተገኝቷል፤ ምንጩ ጫት ብቻ ባይሆንም። ለወባ ትንኝ የታሰበውን ዲዲቲ ወደ ጫት ማሳ የሚያዞር ሰው ሊያስብበት የሚገባው የገዢውን ጤና ብቻ ሳይሆን ጓሮው ውስጥ የምትለቅመውን ባለቤቱንም ጭምር ነው።

በየማሳው ዳር የሚበቅለው አስተናግርም ሊዘነጋ አይገባም። ፍሬው ለጥርስ ሕመም ይታጠናል። ስሙ እንደሚጠቁመው ያስለፈልፋል፤ በውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን ሰውን ያቃዣሉ፣ አፍ ያደርቃሉ፣ ትኩሳት ያመጣሉ። የመርዙ መጠን ከተክል ተክል ስለሚለያይ ልኩን በእጅ መገመት አይቻልም። የሚያጠቡ እናቶች ሊርቁት፣ ጭሱም ሕፃን ባለበት ቤት ሊጨስ አይገባም።

መፍትሔው ጡት ማስጣል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲቀጥል ይመክራል። መቆም ያለበት ጫቱ ነው። ልማድ የሆነባት እናት ስታቆም ለጥቂት ቀናት ድካም፣ መጫጫንና ዱካክ ሊይዛት ይችላል። በነዚያ ቀናት ውኃ መቅዳቱን፣ እንጨት መልቀሙንና ገበያ መውጣቱን ባልና ቤተሰብ ቢረከቧት መቋቋም ይቀልላታል። ስለ ጫቱ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በግልጽ መናገርም ይጠቅማታል። ሕፃኑ ከልክ በላይ ከተነጫነጨ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ክብደቱ ካልጨመረ በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል፤ ለመጥባት እምቢ ካለ ወይም ለመንቃት ከተቸገረ ግን ሳይውል ሳያድር ነው።