የቤት ፍሪጅ፤ ዓይነቱን ለይቶ ማወቅና ብልሽቱን በቅደም ተከተል መመርመር

አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። የሚወጉትን ኢንሱሊን የሚያስቀምጡት በቤታቸው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ፍሪጁ ማቀዝቀዝ ሲያቆም አንድ ጠጋኝ መጥቶ «ጋዙ አልቋል» ብሎ ሞላላቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ቆመ፤ ደግሞም ተሞላ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲቆም ወደ እኛ መጥተው፣ «ልጆቼ፣ እናንተ አስተማሪዎች አይደላችሁም? ይህ ጋዝ እንደ ላምባ የሚያልቅ ነገር ነው እንዴ? እስቲ እዩልኝ» አሉን።

ጥያቄያቸው በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ ያለ ነው። መልሱም አጭር ነው፦ አያልቅም። የፍሪጅ ጋዝ በታሸገ ቱቦ ውስጥ እየዞረ የሚሠራ እንጂ የሚቃጠል ነዳጅ አይደለም። ጎደለ ከተባለ ያፈሰሰበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን ጋዝ መሙላት በተቀደደ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ይቆጠራል። እኛ የፍሪጅ ጠጋኞች አይደለንም። ይሁን እንጂ መምህርም ሆነ ተማሪ የዕቃውን አሠራር ካወቀ ቀላሉን ብልሽት ራሱ ያስወግዳል፤ ከባዱንም ለባለሙያው በትክክል ያስረዳል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም ለዚህ ነው።

1. የፍሪጅ አሠራር

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ፍሪጅ ቅዝቃዜን የሚፈጥር መሣሪያ አለመሆኑ ነው። ሥራው ሙቀትን ከውስጥ አንሥቶ ወደ ውጭ መጣል ነው። ይህን የሚያደርገው ፈሳሽ ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ ነው። እጃችን ላይ አልኮል ሲፈስ የሚሰማን ቅዝቃዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር ፈሳሽ የሚፈላበት የሙቀት መጠን በግፊት የሚወሰን መሆኑ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነውና። በፍሪጅ ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽም ግፊቱ ሲቀንስለት ከዜሮ በታች ይፈላል፤ ግፊቱ ሲጨምርበት ደግሞ በክፍሉ ሙቀት እንኳ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል።

ዑደቱ እንደሚከተለው ነው። ከታች በስተኋላ ያለው ሞተር (ኮምፕሬሰር) ጋዙን ይጨምቃል፤ ጋዙም ይግላል። የጋለው ጋዝ በጀርባ ባለው የቱቦ መረብ (ኮንዴንሰር) ሲያልፍ ሙቀቱን ለአየር ይሰጥና ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በማጣሪያና እጅግ በቀጠነ ቱቦ አልፎ ግፊቱ በድንገት ይወድቃል። ከዚያም በበረዶ ቤቱ ቱቦ (ኢቫፖሬተር) ውስጥ እየተነነ የምግቡን ሙቀት ይወስዳል፤ ወደ ሞተሩም ይመለሳል። ቴርሞስታት የሚባለው መቆጣጠሪያ ውስጡ ሲቀዘቅዝ ሞተሩን ያቆማል፤ ሲሞቅ ያስነሣዋል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ አለ። የፍሪጅ በር ተከፍቶ ቢተው ክፍሉን ያቀዘቅዛልን? አያቀዘቅዝም፤ እንዲያውም ያሞቀዋል። ከውስጥ የተወሰደው ሙቀት በጀርባው ተመልሶ ይወጣል፤ ሞተሩ የተጠቀመበት የኤሌክትሪክ ኃይልም ሙቀት ሆኖ ይጨመርበታል።

2. ዓይነቱን ለይቶ ማወቅ

ከማንኛውም ምርመራ በፊት በጀርባው ወይም በውስጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መግለጫ ማንበብ ያስፈልጋል። ከዚያ የምናገኛቸው ቁም ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. ቮልትና ሄርዝ። በኢትዮጵያ የቤት ኮረንቲ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ፍሪጅ ግን ለ115 ቮልት ገደማና ለ60 ሄርዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክልም ሄርዙን አይለውጥም።

ለ. የጋዙ ዓይነትና መጠን። አሮጌዎቹ በአር 12 ይሠሩ ነበር። ይህ ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1987 (እ.ኤ.አ.) በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ምርቱ እንዲቀር ተደርጓል። ቀጥሎ አር 134ኤ መጣ። በአሁኑ ጊዜ ብዙዎቹ አዳዲስ የቤት ፍሪጆች የሚሠሩት በአር 600ኤ ማለትም በአይሶቡቴን ነው፤ ይህም እሳት የሚይዝ ጋዝ ነው። አንዱን በሌላው መተካት አይገባም።

ሐ. የአየር ጠባይ ምድብ። «ኤን» የሚል ምልክት ያለው ከ16 እስከ 32 ዲግሪ፣ «ቲ» የሚል ያለው ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል እንዲሠራ የታሰበ ነው። ስለዚህ ለደጋ የሚበቃ ፍሪጅ በቆላ ከተማ ሞተሩ ሳያርፍ ቢውል የግድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

መ. ኮከብ። በበረዶ ቤቱ ላይ ያለ አንድ ኮከብ እስከ 6፣ ሁለት ኮከብ እስከ 12፣ ሦስት ኮከብ እስከ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች እንደሚያቀዘቅዝ ያመለክታል።

ሞተር የሌለው በላምባ፣ በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ሙቀት የሚሠራ ፍሪጅም አለ። ይህን በ1922 (እ.ኤ.አ.) ሁለት የስዊድን ተማሪዎች፣ ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ ፈለሰፉት። ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት ገጠር ክትባት ሲጠብቅ የኖረ መሣሪያ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሲደክም በመጀመሪያ የሚታየው ቀጥ ብሎ መቆሙና የጭሱ መውጫ ከጥላሸት መጽዳቱ ነው።

3. ብልሽትን በቅደም ተከተል መመርመር

ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ መሄድ ደንብ ነው። ጀርባውን ከመንካት በፊት ሶኬቱ ይነቀል።

ሀ. ጨርሶ የማይሠራ ሲሆን። በዚያው ሶኬት ላይ ሌላ ዕቃ ሰክተን እንሞክር። ዕቃውም ካልሠራ ጉድለቱ የፊውዝ ወይም የሶኬት ነው። የፍሪጁ አምፖል እየበራ ሞተሩ ካልተነሣ ግን ኮረንቲው ደርሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ የቴርሞስታቱን ቁልፍ ዜሮ ላይ አለመሆኑን እንይ። ከዚህ ካለፈ ጥርጣሬው በቴርሞስታቱ፣ በሞተሩ ማስነሻ ሪሌ ወይም በራሱ በሞተሩ ላይ ያርፋል። ሪሌ ከሞተር እጅግ ርካሽ ስለሆነ «ሞተሩ ተቃጥሏል» የሚል ጠጋኝ አስቀድሞ ሪሌውን ፈትሾ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለ. «ቀጭ» እያለ ለመነሣት ሲሞክርና ሲጠፋ። ይህ ብዙውን ጊዜ የኃይል ማነስ ምልክት ነው። ምሽት ላይ በየቤቱ ምድጃና የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ ቮልቱ ይወርዳል፤ አምፖሉም ይደበዝዛል። ሌላው ምክንያት መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመጣ ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ገና ስላልተስተካከለ ሞተሩ መነሣት ያቅተዋል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል፣ ከተመለሰም በኋላ ቢያንስ 5 ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ሞተሩን ያድናል። ጥሩ ስታብላይዘርም ይረዳል።

ሐ. ሞተሩ እየሠራ የማያቀዘቅዝ ሲሆን። በመጀመሪያ የበሩ ጎማ ይፈተሽ። አንድ ወረቀት በበሩ መካከል አድርገን ዘግተን እንሳብ፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው ላልቷል። ቀጥሎ የጀርባው መረብ በአቧራ ተሸፍኖ ወይም ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ እንደሆነ እንመልከት፤ አየር ካላገኘ ሙቀቱን መጣል አይችልም። በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ግን ይህ መረብ በጎንና በጎን ውስጥ ስለተደበቀ የጎኑ መሞቅ ብልሽት አይደለም። በሦስተኛ ደረጃ በበረዶ ቤቱ ላይ ወፍራም በረዶ ተጋግሮ ከሆነ ይሟሟ፤ በረዶ ሙቀት እንዳያልፍ ይከላከላልና። ራሱ በረዶ በሚያሟሟው ዓይነት ደግሞ በረዶ ቤቱ ቀዝቅዞ ታችኛው ክፍል ከሞቀ፣ የአየሩ መተላለፊያ በበረዶ መዘጋቱ ወይም የማራገቢያው መቆም ይጠረጠራል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ በረዶው በኢቫፖሬተሩ አንድ ጥግ ብቻ ከተሠራ፣ ወይም በቱቦ መጋጠሚያ ላይ የዘይት እድፍ ከታየ ጋዝ አፍስሷል ማለት ይቻላል። ከዚህ ወዲያ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው።

መ. ከመጠን በላይ ሲያቀዘቅዝ። በአብዛኛው የቴርሞስታት ቁልፍ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ቅዝቃዜው ይጨምራል። ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ያስበዋል። ቁጥሩን ቀንሰን ለውጥ ካልታየ ቴርሞስታቱ ተጣብቋል።

4. ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች

በረዶን በቢላዋ ወይም በሹል ብረት መፈቅፈቅ አይገባም። አይሶቡቴን ያለበት ፍሪጅ አጠገብ ጋዝ መፍሰሱ ሲጠረጠር ክብሪት መጫር፣ ማብሪያ ማጥፊያ መንካትም ሆነ ሶኬት መንቀል ክልክል ነው፤ መስኮትና በር ይከፈት፤ ኮረንቲውም ከክፍሉ ውጭ ካለው ቆጣሪ ላይ ይጥፋ። ከአገልግሎት የወጣ ፍሪጅ ደግሞ በሩ ሳይነቀል በግቢ ውስጥ መጣል የለበትም። ሕፃናት ለጨዋታ ገብተው ሲዘጋባቸው ታፍነው ይሞታሉ።

5. ለክፍል ሥራ

መምህሩ ተማሪዎችን የሚከተለውን እንዲሠሩ ሊያዝ ይችላል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ከነቴርሞሜትሩ በፍሪጁ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ አሳድሮ ጠዋት ማንበብ። ለምግብ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይገባል፤ ላልተከፈተ ኢንሱሊንና ለአብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው፤ ኢንሱሊን በረዶ ከመታው ግን ይበላሻል። ቀጥሎም ሞተሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደሚሠራ መቁጠር። ለምሳሌ 100 ዋት የሆነ ሞተር በየሰዓቱ 24 ደቂቃ ቢሠራ በቀን 100 × 24 × 0.4 = 960 ዋት ሰዓት ይፈጃል። የበሩ ጎማ ሲላላ ይህ ቁጥር ምን ያህል እንደሚጨምር ተማሪዎች ራሳቸው ለክተው ይድረሱበት። መብራት ቢጠፋ በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን እንደሚይዝም ለወላጆቻቸው ይንገሩ።

ወደ ጎረቤታችን ጉዳይ እንመለስ። በረዶ ቤቱን ባዶ አድርገን ስናየው በኢቫፖሬተሩ ላይ የቢላዋ ጭረት፣ በጭረቱም ዙሪያ የዘይት እድፍ አገኘን። ቤት ውስጥ ያለች ልጅ በረዶውን ቶሎ ለማንሣት ብላ ያደረገችው ነበር። ሌላ ባለሙያ ተጠርቶ መጀመሪያ ቀዳዳውን ደፈነ፤ ከዚያ በኋላ በመግለጫው ላይ በተጻፈው ግራም ልክ ጋዝ ሞላ። ኢንሱሊኑ እስከዚያ ድረስ በእኛ ቤት ቆየ። ፍሪጁ ከዚያ ወዲህ ሌላ ጋዝ አልጠየቀም። እትዬም አሁን ሰው «ጋዝ አልቋል» ሲባል ከሰሙ፣ «በየት በኩል ወጣ?» ብለው ይጠይቃሉ። ተማሪዎቻችንም ይህን ጥያቄ መጠየቅ ከለመዱ ትምህርቱ ገብቷቸዋል ማለት ነው።